እናቴ የተሳለመችው መጽሐፍ

የምተዳደረው በአፌ ነው። ላሊበላ ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ ከአስር ዓመት በላይ በአስጎብኚነት ሠርቻለሁ። ፈረንጅ ከአውሮፕላን ወርዶ ጫማውን ሳያጠብቅ ስለ አለቱ፣ ስለ ንጉሡ፣ ስለ መላእክቱ ሳላቋርጥ መለፍለፍ እችላለሁ። ይሄ ሁሉ ምላስ ያለኝ ሰው ግን አንዲት አጭር ነገር ለእናቴ መናገር አቅቶኝ ግማሽ ዓመት ያህል ታስሬ ኖርኩ። በሰንሰለት ያሰረኝ የለም። ክፉ የተናገረኝም የለም፤ ቢናገሩኝማ ይሻለኝ ነበር፤ ተናዳጅ ነኝ፣ መልስ አላጣም። ያሰሩኝ በአክብሮት ነው። መናገር ያቃተኝ ነገር ደግሞ ይህ ነበር፦ «እማዬ፣ ያ የምትሳለሚው መጽሐፍ የኛ አይደለም።»

መጽሐፉን የሰጠችኝ አንዲት ሸምገል ያለች የስሪላንካ ሴት ናት። ከቡድን ጋር መጥታ፣ ሌሎቹ ፎቶ ለማንሳት ሲጋፉ እሷ ጫማዋን አውልቃ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥግ አለቱ ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። የምሳ ሰዓት አልፏል፤ ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል፤ እኔ ደግሞ ሰው ሲያስጠብቀኝ ደሜ ይፈላል። «ጸሎትሽን ስትጨርሺ እንሂድ» አልኳት፣ የተቻለኝን ያህል ለዘብ ብዬ። «እየጸለይኩ አይደለም፤ ትንፋሼን እየቆጠርኩ ነው» አለችኝ። ጉድ ነው አልኩ በልቤ፤ ትንፋሽ ለመቁጠር ይሄን ሁሉ ባሕር አቋርጣ መጣች! ስትሄድ ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሽፋኑ ላይ ራሱን የተላጨ፣ ቢጫ ልብስ ያጣፋ፣ በባዶ እግሩ ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ አለ፤ ጭኑ ላይ ጥቁር ጎድጓዳ ሳህን ይዟል። አመስግኜ ተቀበልኩና ሳጥን ውስጥ ጣልኩት። የእንግዳ ስጦታ ዕጣው ይኸው ነው፤ የአስጎብኚ ቤት ማንም በማያነበው መጽሐፍና ድንጋይ ባለቀበት የእጅ ባትሪ የተሞላ ነው።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ ወረርሽኙን ጦርነቱ ተከተለው፣ ፈረንጁ ጠፋ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ሥራ የለም። እኔና እናቴ ሁለታችን ብቻ፣ ከከተማው ዳር ባለችው የጭቃ ቤታችን፣ አንዳችን የሌላችንን ፊት እያየን እንውላለን። አባቴ ቄስ ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል፤ እህቴም አግብታ ብልባላ ነው የምትኖረው። ቁጣዬ ያኔ ባሰብኝ። ለጨው፣ ለተሰበረ ስኒ፣ ለተከፈተ በር እናቴ ላይ እጮሃለሁ፤ ጮኼ ሳበቃ በራሴ አፍራለሁ። ለነፍስ አባታችን በየጊዜው የምናዘዘው ያችኑ አንድ ኃጢአት ነው፤ ቁጣ። ንስሐ ይሰጡኛል፣ እሰግዳለሁ፣ ጠበል እጠጣለሁ፣ በሳምንቱ ተመልሼ እጮሃለሁ።

መጽሐፉን ያወጣሁት ስለሰለቸኝ ነው። የማነበው ሌላ ነገር ቢኖር ኖሮ ያንን አላነብም ነበር። ሽማግሌው የሚለው ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ቁጣ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አትከተለው፣ አታባርረው፣ ቁጭ በልና እየው። ትንፋሽህን ከአንድ እስከ አስር ቁጠር፤ አስር ስትደርስ ተመልሰህ ከአንድ ጀምር። በቃ። እያፌዝኩ ሞከርኩት። ጠዋት ጠዋት መደቡ ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ መቁጠር ያዝኩ። በሁለተኛው ወር ላይ እናቴ ሙሉ ማሰሮ ወተት ደፋች፤ እኔ አልጮህኩም። ወተቱ ወለሉ ላይ ሲሄድ አየሁ፣ ከዚያ ጨርቅ አምጥቼ አብሬያት ጠረግኩ። እናቴ የማታውቀው ሰው ቤቷ የገባ ይመስል ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ራሴን ወደድኩት፤ እውነቱን ለመናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቡዲስት ሆኜ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ እኔም አላውቅም። በቤተ ክርስቲያን በኩል ሳልፍ እጄ በራሱ ያማትባል። ግን ከመጽሐፉ ያገኘሁትን እየለቃቀምኩ እሞክር ነበር። ነፍስ ያለው ነገር አትግደል ይላል፤ ቁንጫ መግደል ተውኩ። በላስታ ቁንጫ አልገድልም ማለት ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። መነኮሳቱ ከቀትር በኋላ አይበሉም ይላል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ መብላት ተውኩ። ይሄ ደግሞ ከዓቢይ ጾም ጋር ሲገጥም ጉድ ፈላ። በኛ ሥርዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበላም፣ በነሱ ሥርዓት ከስድስት ሰዓት በኋላ አይበላም። ሁለቱን ላስማማ ስል የምበላበት ሰዓት አጣሁ። ጓደኛዬ ቤት እየተደበቅኩ ቆሎ ስቅም ነው ፋሲካ የደረሰው።

እናቴ መጽሐፉን ያገኘችው በዚያው ጾም መካከል ነው። ማንበብ አትችልም። ከገበያ ስመለስ በር ላይ ቆማ ሽፋኑን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋ ታያለች፤ ትራሴን ስታራግፍ ወድቆባት ኖሯል።

«እኒህ አባት የየት ገዳም ናቸው?» አለችኝ።

«ሩቅ ነው።»

«የት?»

«በህንድ በኩል።»

ፊቷ በራ። «የህንድ ቤተ ክርስቲያን እኮ እህታችን ናት! የነፍስ አባታችን ነግረውናል። ሃይማኖታቸው ከኛ ጋር አንድ ነው፤ ቅዳሴም ጾምም አላቸው አሉን። እይ ልብሳቸውን፤ እንደኛ ባሕታውያን ቢጫ ነው። እግራቸውም ባዶ። አዬ፣ ምጽዋት መቀበያዋን እይማ!»

መጽሐፉን ግንባሯ ላይ፣ ከዚያ ከንፈሯ ላይ፣ እንደገና ግንባሯ ላይ አደረገችው። አንድ ቃል ብናገር ያኔ ያልቅ ነበር። አልተናገርኩም። በአባቴ ሞት ጊዜ የከሰመ ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈታ እያየሁ፣ ደስ ብሎኝ፣ ፈሪ ሆኜ ዝም አልኩ። እሷ ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ መጽሐፉን ጠቀለለችው። ከመደቡ በላይ የአባቴ ዳዊት በቆዳ ማኅደሩ ከግድግዳው ካስማ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሷ ዘወትር ጠዋት ትሳለመዋለች። ሽማግሌዬን ከዳዊቱ ጎን ሰቀለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱንም መሳለም ያዘች።

የፋሲካ ለት በግ አራጁ እኔ ነኝ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ነው። ቢላውን ሳልኩ፣ በጉን ጣልኩ፣ አንገቱን ያዝኩ። በጉ እጄ ሥር ይተነፍሳል። ትንፋሹን መቁጠር ጀመርኩ፤ ስድስት ላይ ስደርስ ቢላውን አስቀመጥኩት። «አልችልም» አልኩ። ጎረቤታችን ተጠርቶ አረደ። ሥጋውም አልወርድ አለኝ፤ ደረቅ እንጀራ በልቼ ተነሳሁ። እናቴ በነጠላዋ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋትና አዘነች ብዬ ልቤ ተሰበረ። ለካ ደስታ ነው። «ሥጋ ተወ» አለች ለጎረቤታችን ቀስ ብላ። «ዝምታውን አየሁ፣ ምግቡን አየሁ፤ አሁን ደግሞ ሥጋ ተወ። አባቱ ሲለምንለት የኖረው ነው።»

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በኛ አገር መነኩሴ ሥጋ አይበላም፣ ብዙ አያወራም፣ ምግቡ አንድ ጊዜ ነው፣ ለብቻው ይቀመጣል። እኔ ያንን ሁሉ አሟልቼ ቁጭ ብያለሁ። እናቴ የተሳሳተችው ምኑ ላይ ነው? እሷ የምታውቀውን ነገር በትክክል አየች።

ወሬው ከቤት ወጣ። በሳምንቱ መንገድ ላይ ሴቶች ሲያዩኝ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ። የአባቴ እኩያ የሆኑ ሰው ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሱልኝ፤ በድንጋጤ እጃቸውን ይዤ ለማስቀመጥ ስታገል ይባስ ብለው «በጸሎትህ አስበኝ ልጄ» አሉኝ። ጠላ ቤት ስገባ ቀልዱ ይቆማል። እኔ እኮ ቀልድ የምወድ ሰው ነኝ፤ የዚያ ቤት ግማሹ ቀልድ የኔ ነበር! ባለቤቷ ሳልጠይቃት በጠላው ፋንታ ውኃ በብርጭቆ አምጥታ ታስቀምጥልኛለች። አንድ ቀን ተናድጄ «ጠላ አምጪ» ብላት አንዱ ከጥግ «ፈተና ነው፣ አትስጪው» አላት። ሰጪኝ ብዬ ለመጮህ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ዝም ማለቴ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምስክር ሆነላቸው።

እውነቱን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቆሎውን ለሚደብቅልኝ ጓደኛዬ። ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ነን፤ ቄስ ትምህርት ቤት አብረን ገብተን አብረን ተገርፈናል፣ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ስነግረው ባጃጁን ዳር አስይዞ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን አቆመ።

«ጣዖት ነው እንዴ የምታመልከው?»

«አላመልክም። ቁጭ እላለሁ፣ በቃ።»

«ቁጭ ብለህ ማንን ነው የምትለምን?»

«ማንንም።»

«ማንንም?» ወደ ሰማይ አየ፣ ወደኔ አየ። «ስማ፣ ይኸ የሥራ ፈትነት ነው። ፈረንጁ ሲመለስ ይለቅሃል።» እንደ ጉንፋን ማለቱ ነው።

የዚያኑ ቀን ቤቱ ወስዶ ሽሮ አቀረበልኝ። ሳህኑ ላይ አማተበ። ከዚያ ትንሽ አመነታና በኔ በኩል ያለውን ለብቻው ደግሞ አማተበበት። ከአንድ ሳህን ስንበላ ያደግን ሰዎች ነን። ተነስቼ ወጣሁ፤ ያን ቀን ትንፋሽ መቁጠር ምንም አልረዳኝም። በኋላ ታረቅን፤ ግን እስከ ዛሬ በኔ በኩል ያማትባል። ለእናቴ እንዲነግርልኝ ስለምነው እጁን አወናጨፈ። «ብትነግራት ገደልካት። ባትነግራትም ገደልካት። እኔን ከዚህ አታስገባኝ» አለ።

ስለዚህ ለነፍስ አባታችን ልናገር ቆረጥኩ። በየወሩ ቤታችንን ለመባረክ ይመጣሉ፤ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ ሲስቁ ድምፅ የላቸውም። ጸበሉን ረጭተው ሲቀመጡ እናቴ ከበሩ አጠገብ ቆማ ትሰማለች።

«አባቴ፣ እኔ መመንኮስ አልፈልግም» አልኳቸው።

ያለ ድምፅ ሳቁ። «ይኸንን ስትል ደስ አለኝ። እፈልጋለሁ እያለ የሚሮጠውን ነው እኔ የምፈራው።»

«አይገባኝም እኮ አባቴ።»

«ማን ይገባዋል? እኔ ለዚህ መስቀል ይገባኛል?»

«እምነቴም እንደ እናንተ አይደለም።»

ይሄን ስል ይደነግጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በሐዘኔታ። «ሰው ወደዚህ መንገድ ሲቀርብ ጥርጥር ይመጣበታል። የታወቀ ነው። በርታ።»

የሞከርኩት በር ሁሉ ወደዚያው ክፍል መልሶ ያስገባኛል። እምቢ ስል ትሕትና ነው፣ ስጠራጠር ፈተና ነው፣ ዝም ስል ጸሎት ነው። በመጨረሻ ከብዙ ወር በኋላ ቁጣዬ ፈነዳ። «ስሙኝ እንጂ! ለምን አትሰሙኝም!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ «በስመ አብ» አለች፤ እሳቸው ተነስተው መስቀሉን ራሴ ላይ አሳረፉና ረጅም ጸሎት ደገሙልኝ። መስቀሉ ቀዝቃዛ ነበር። ከሥሩ ሆኜ አለቀስኩ፤ እሱንም በሌላ ተረጎሙት። ሲወጡ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ባለው በአሸተን ማርያም ገዳም ለሚኖሩ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ስለኔ እንደሚነግሩላት ለእናቴ ቃል ገቡላት።

ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት እናቴ ከጎኔ መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ ስቀመጥ መጥታ አታውቅም፣ ትጠነቀቅልኝ ነበር።

«ፍልሰታ ሲፈታ ቆብ እደፋለሁ» አለች።

ዓይኔን ከፈትኩ።

«አባትህ የሞተ ጊዜ ልገባ አስቤ ነበር። የያዘኝ ያንተ ነገር ነው። ይኸ ቁጣ ይዞት ከማን ጋር ይኖራል፣ ማን ይችለዋል ብዬ ነው የቆየሁ። አሁንማ ለምን እቆያለሁ? አንተ አሸተን ትገባለህ፣ እኔም ከዚያው ከደብሩ ጎን ጎጆ አይታጣልኝም። ቤቱን እኅትህ ትግባበት። ላሟንም ሰጥቻታለሁ።»

«ሰጥተሻታል?»

«ሐምሌ ነድታ የወሰደቻት ለግጦሽ መስሎሃል? አልነገርሁህም? ከብልባላ መምጣቷ ለሱ ነበር።»

እናቴ ቆብ ብትደፋ ደስ ባለኝ፤ ባልቴት ስትሆን መመንኮስ ያለ ነው፣ ብዙዎች ያደርጉታል። ግን ቆብ አንዴ ከተደፋ አይወልቅም። እሷ ቤቷን፣ ላሟን፣ አርባ ዓመት የኖረችበትን ጓዳ የምትለቀው በኔ ተማምና ነው፤ እኔ ደግሞ የሌለ መነኩሴ ነኝ። እህቴ በማግሥቱ ባሏን ይዛ መጣች። እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ፣ «የቤታችን ጸሎተኛ» አለችኝ፣ ከዚያ ጎታዋን የት እንደምታስቀምጥ በዓይኗ ስትለካ ዋለች። ማታ ሳልበላ ስተኛ የራሴ ቤት ግድግዳ ወደኔ የሚገፋ መሰለኝ። ቆቡ ከመደፋቱ በፊት ካልተናገርኩ እናቴ ባዶዋን ትቀራለች፣ እኔም ወይ ቆብ ወይ መንገድ።

ጾሙ በተፈታ በሦስተኛው ቀን ወደ አሸተን ወጣን። ዝናቡ ቆሟል፣ ገብሱ ለምልሟል፣ ዳገቱ ጭቃ ነው። እናቴ ስልሳ አልፏታል፤ ግን ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ወጪው ሁሉ እዚያ ያርፋል፣ እኔም ፈረንጆቼን የማሳርፈው እዚያ ነው። ተቀመጥን። ለመነኩሴው የያዘችውን ዳቦ ልታስተካክል እጇን ወደ ከረጢቷ ስትሰድ ያ በነጠላ ጫፍ የተጠቀለለው ነገር ብቅ አለ።

«እሱን ለምን አመጣሽው?»

«ላሳያቸው ነዋ። የተማሩ ናቸው፤ እኒህን አባት ያውቋቸው ይሆናል።»

እጇን ያዝኩት። «እማዬ፣ አታሳዪያቸው። የኛ አይደለም።»

«የህንድ ነው አልኸኝ።»

«የህንድ ነው። ሰውየው ግን ክርስቲያን አይደሉም።»

ጥቅሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ታች ሸለቆው ውስጥ ሰው ከብት ይጣራል። «እስላም ናቸው?» አለች።

«እስላምም አይደሉም።»

«ታዲያ ምንድን ናቸው?»

ነገርኳት። በሦስት ቋንቋ የሚለፈልፍ ምላሴ እየተንተባተበ ነገርኳት። በጥንት ጊዜ አንድ የንጉሥ ልጅ ነበር አልኩ፤ በሽታና እርጅና ሞትም አይቶ ከቤቱ ወጣ፣ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ፣ ልቡ ጸጥ አለ፤ እነዚህ የሱ ተከታዮች ናቸው።

«ቤቱን ጥሎ ወጣ?»

«ወጣ።»

«ሚስት ነበረችው?»

«ሚስትም ልጅም ነበረው።»

«ወይ ጉድ! እናቱስ?»

«እናቱ እሱ በተወለደ በሳምንቱ ሞታለች።»

«ተመስገን» አለች እናቴ። «አላየችም።»

ቁጣ ነበር የጠበቅኩት፤ ለቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ጥቅሉን ፈትታ የሽማግሌውን ፊት በመዳፏ እየዳበሰች ታየዋለች። «ማንን ነው የሚለምኑ?»

«ማንንም።»

«ሲታመሙስ?»

«ሕመሙን ቁጭ ብለው ያዩታል።»

«ብቻቸውን?»

«ብቻቸውን» አልኩ።

«አዬ አባቴ» አለች፤ ለኔ አይደለም፣ ለሽፋኑ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንተስ፣ ልጄ?»

«እኔ አላውቅም እማዬ። ቁጣዬን አስታገሰልኝ፤ የማውቀው እሱን ነው። መነኩሴ ግን አይደለሁም፣ አልሆንምም። ልነግርሽ ፈልጌ ፈራሁ።»

«ቁጣህስ ቀንሷል። እሱ እውነት ነው።»

«እንመለስ። ላሟን እኔ አስመልሳለሁ። ቆቡን ተዪውና ቤትሽ ግቢ።»

ተነሳች። መጽሐፉን እንደገና ጠቅልላ ከረጢቷ ውስጥ ከተተችው፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «አሁን ነው እንጂ የምገባ» አለች። «በፊት ዕረፍት መስሎኝ ነበር። አሁን ሥራ አለብኝ።»

ከላይ ስንደርስ አረጋዊው መነኩሴ በፀሐይ ተቀምጠው አገኘናቸው። መስቀል ተሳለምን። «ልጁ ይኸ ነው?» አሉ እኔን እያዩ። እናቴ ለካህን ዋሽታ አታውቅም፤ ስትናዘዝ ያልሠራችውን ሁሉ ትጨምራለች ተብሎ ይቀለድባታል። «ገና ነው አባቴ» አለች መሬት መሬት እያየች። «እሱ ይቆይልኝ። የመጣሁት ለኔ ነው።» መጽሐፉን አላወጣችም።

መስከረም ላይ ቆብ ደፋች። ከአሸተን ደብር ጎን ከአንዲት አሮጊት መነኩሲት ጋር በጎጆ ትኖራለች። ቤቱን ለኔ እንዲቆይ ለእህቴ ነገረቻት፣ ምክንያቱን ግን አልነገረቻትም። እህቴ ደጃፌ ላይ ቆማ «ለጭቃ ቤት ብለህ ቆብ ገፋህ» ብላኝ ሄደች፤ ላሟም አልተመለሰችም፣ እሷም አልተመለሰችም። ጎረቤቶቼ አሁንም ይነሱልኛል። «ገና ነው፣ የእናቱ ጸሎት ያስገባዋል» እየተባባሉ ይጠብቁኛል። እውነቱን የሚያውቁት ጓደኛዬና እናቴ ናቸው፤ ሁለቱም አይናገሩም። እኔም እንዳልናገር እናቴ አሁን መነኩሲት ናት፤ ለአረጋዊው የደበቀችውን ነገር አደባባይ ባወጣው የማዋርደው እሷን ነው።

ፈረንጁ አንድ አንድ እያለ መምጣት ጀምሯል። ጓደኛዬ እንዳለው ግን አልለቀቀኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሶና የገብስ ቆሎ ይዤላት እሄዳለሁ። ባለፈው ከመቀመጫዋ ለመነሳት ግድግዳውን ስትይዝ አየሁ፤ ጉልበቷ አብጧል። ምን ሆና ነው አልኳት አብራት ያለችውን መነኩሲት፣ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ዞር ስትል። «ስግደቷ ነው» አለችኝ። «አርባ አንዱን ሰግዳ ስትጨርስ ሌላ አርባ አንድ ትጨምራለች፤ ከሱ በኋላ ደግሞ ሌላ። ኧረ ንገራት፣ እኔን አልሰማ ብላለች።»

እናቴ ስትመለስ ያዝኳት። «ሦስት ጊዜ አርባ አንድ የማን ነው?»

«አንዱ የኔ፣ አንዱ ያንተ» አለች እንደ ቀላል ነገር።

«ሦስተኛውስ?»

«የሽማግሌው ነዋ። ማንንም አይጠሩም አላልኸኝም? ሰው ይጥራላቸው እንጂ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጠይቅህ አስቤ እየረሳሁ ነው። የክርስትና ስማቸው ማነው?»

«የላቸውም እማዬ። አልተጠመቁም እኮ።»

«ያለ ስም እንዴት ይጸለያል?» ትንሽ አሰበች። «እስከዚያው በአባትህ ስም እየጠራኋቸው ነው። አባትህ አይቀየምም።»

እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ። «ተዪው» አልኳት። «ጉልበትሽ አለቀ። እኔ እተወዋለሁ፤ መጽሐፉን ዛሬ አቃጥለዋለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ የፈለግሽውን አደርጋለሁ።»

ራሴን ዳበሰችኝ። «ለኔ ብለህ ብትተወው ምን ይረባሃል፣ ሆዴ? እኔ ብሞት ትመለስበታለህ። መጽሐፉንም አታቃጥል፤ ሽማግሌው ምን በደለ።» በሶውን ተቀብላኝ ገባች።

ዳዊቱን ይዛው ሄዳለች። ካስማው ላይ የቀረው ያ በነጠላ ጫፍ የተጠቀለለው ብቻ ነው፤ ከመሄዷ በፊት ጨርቁን አጥባ መልሳ ጠቅልላዋለች። አሁን ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ የሚያየኝ የለም፣ ስቀመጥ የሚጠነቀቅልኝም የለም። ጠዋት መደቡ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ትንፋሼን መቁጠር እጀምራለሁ። አስር ላይ ሲደርስ ተመልሶ ከአንድ መጀመር ነው ሕጉ። እኔ አስርን አልፌ እሄዳለሁ፤ አርባ አንድ እስክደርስ ማቆም አልችልም።